ቤቱ ከመፍረሱ በፊት፦ የከተማ ድሃ ጥቅምና የሕግ ጥበቃ

በአዲስ አበባ መሀል በቀበሌ ቤት የምትኖር ሴት ቤቷ ሲፈርስ ምን ታጣለች? መዝገብ ገልጦ ለሚያይ መልሱ አጭር ነው። ግድግዳው የመንግሥት፣ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእሷ የሆነው አልጋዋ፣ ምጣዷና ቁም ሳጥኗ ብቻ ነው፤ እሱንም ጭና ልትሄድ ትችላለች። ኑሮዋን ቀርቦ ላየ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ደጃፏ ላይ እንጀራ ትሸጣለች፤ ደንበኞቿ በአካባቢው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ልጆቿ በእግራቸው ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። ክፍሏን በመጋረጃ ከፍላ ያስጠጋቻት ደባል ለወር ወጪ ታዋጣለች። ሲቸግራት በዱቤ የሚሰጣት ባለሱቅ፣ ሐዘን ሲደርስባት ድንኳን የሚተክልላት እድር፣ ተራዋን ጠብቆ የሚደርሳት እቁብ ሁሉም እዚያው ሰፈር ናቸው። ይህ ሁሉ ጥቅም ነው፤ የጠፋ ዕለት ጉድለቱ በቤት ወጪ ላይ ወዲያው ይታያል። ካርታ ላይ ግን አይሰፍርም።

ሕግ እንዲህ ያለውን ጥቅም ሊጠብቅ የሚችለው በምን መንገድ ነው? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ ከሙምባይ እስከ ናይሮቢ፣ ከሊማ እስከ ኬፕታውን ፍርድ ቤቶችና ምክር ቤቶች በየፊናቸው መልስ ሞክረዋል። አንዳንዱ ለድሃው ካርታ ሰጠ፤ አንዳንዱ ካሳውን ከፍ አደረገ፤ አንዳንዱ አፍራሹን ባለሥልጣን ፍርድ ቤት ፊት አቆመ። እነዚህን ሙከራዎች ከአገራችን ሕግ ጋር ጎን ለጎን ሳያቸው ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋድልብኛል። ካርታም ካሳም ጥሩ ናቸው፤ ለድሃው ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቤቱ ከመፍረሱ በፊት እንዲሰማ የሚያስገድድ ሕግ ነው። ከፈረሰ በኋላ የሚመጣ ፍትሕ እንጀራ ሻጯን ደንበኞቿ ዘንድ አይመልሳትም።

የአዲስ አበባ ነገር ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ይጀምራል። ያን ዕለት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ በፊት የመዲናዋ መሬት በአብዛኛው በጥቂት መኳንንት፣ ባለሥልጣናትና በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር፤ ድሃው በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ወይም በኪራይ ይኖር ነበር። አዋጁ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ወሰነ፤ ለመኖሪያ የሚያዘው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ አገደ። ኪራይ ተቀነሰ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ ከዚያ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው ድርጅት ተላለፉ። የዛሬው የቀበሌ ቤት የተወለደው በዚያች መስመር ነው።

ስለዚያ አዋጅ ብዙ ክፉ ተብሏል፤ ብዙውም እውነት ነው። የሰው ሀብት በአንድ ጀንበር ተወስዷል። ኪራዩ ሳይንቀሳቀስ አሥርት ዓመታት ስላለፉ ቀበሌው ጣሪያ የሚያድስበት ገንዘብ አጣ፤ ተከራዩም ያለ ፈቃድ ምስማር መምታት ስላልቻለ ቤቶቹ በነዋሪዎቻቸው ላይ አረጁ። ይሁንና አንድ ትልቅ ነገር መመስከር ይገባል። ያ ኪራይ ድሃውን ከተማው መሀል አቆይቶታል። አዲስ አበባ ባለሀብቱና የቀን ሠራተኛው አጥር ለአጥር የሚኖሩባት፣ ሀብታም ሰፈርና ድሃ ሰፈር በጉልህ ያልተለየባት ከተማ ሆና የቆየችው በአንድ በኩል በዚህ ምክንያት ነው። ጉድለቱ ይህ ጥቅም አንድም ቀን መብት ተብሎ አለመጻፉ ላይ ነው። ተከራዩ በቸርነት ተቀመጠ፤ ቸርነት ደግሞ በደብዳቤ ይነሳል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬትን ባለቤትነት ለመንግሥትና ለሕዝብ አጸና። በዚያው አንቀጽ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል፤ መንግሥት የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድም ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። ሰዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ለድሃው የሚጠጋው ግን አንቀጽ 44 ንኡስ አንቀጽ 2 ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፍርድ ቤት ውስጥ ስሙ ሊነሳ ከሚገባው በጣም ያነሰ ይነሳል። መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ይላል፤ በበቂ የመንግሥት እርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዛወርንም ይጨምራል። አንቀጹ ንብረት የነበራቸው ሰዎች አላለም። ኑሯቸው የተነካባቸው ነው ያለው። እንጀራ ሻጯ በአንቀጽ 40 ፊት ባዶ እጇን ብትቆምም በአንቀጽ 44 ፊት ግን ባለመብት ናት።

ዝርዝሩን የያዙት አዋጆች ግን ለረዥም ጊዜ የተከተሉት አንቀጽ 40ን ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳን ያሰላው በመሬቱ ላይ ባለው ንብረት ነበር። ለቤት የሚከፈለው ያንኑ ቤት ዛሬ ለመሥራት የሚያስፈልገው የግንባታ ወጪ ነው፤ ሲያንስ ሲያንስ በክልሉ ደረጃ አንድ ክፍል ዝቅተኛ ቤት ከሚያሠራ ገንዘብ እንዳይወርድ ወለል ተቀምጦለታል። ባለቤቱ ምትክ ቦታና የአንድ ዓመት ኪራይ የሚያህል የመፈናቀያ ካሳ ያገኛል። እንግዲህ በፒያሳ ወይም በካዛንቺስ ያለች የጭቃ ቤት ባለቤት የምትካሰው በጭቃው፣ በማገሩና በቆርቆሮው ልክ ነው። ቦታው ለሊዝ ጨረታ ሲወጣ ገዢው የሚከፍለው ግን ለጭቃው አይደለም፤ ለፒያሳነቱ ነው። የሁለቱ ልዩነት ሙሉ በሙሉ ለከተማው አስተዳደር ይገባል። መሬት የጋራ ነው ከተባለ የዋጋው ጭማሪ ለሕዝብ መግባቱ ራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው በዚያ መሬት ላይ ለሃምሳ ዓመት የኖረው የዚያ ሕዝብ አካል ድርሻው ዜሮ ተደርጎ ሲታሰብ ነው።

በ1997ቱ አዋጅ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አለ። በካሳው መጠን ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኙ የሚታይለት መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ሰነድ አያይዞ ሲቀርብ ብቻ ነበር። ማለትም ክርክሩ የሚሰማው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው። ክርክሩ በካሳ መጠን ላይ እንጂ ‘ይህ መወሰድ አለበት ወይ፣ በእርግጥስ ለሕዝብ ጥቅም ነው ወይ’ በሚለው ላይም አልነበረም። ገንዘብ ያለው ሰው ቤቱ ፈርሶም ጠበቃ ቀጥሮ ሊሟገት ይችላል። የዕለት ጉርሱ ከሰፈሩ የነበረ ሰው ግን ሰፈሩን ሲለቅ የሚሟገትበትን አቅም አብሮ ይለቃል።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ያንን ተክቶ ሲመጣ በእውነት የተሻለ ነበር። ከተነሺዎች ጋር አስቀድሞ መመካከርን አዘዘ፤ ምክክሩ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ እንዲሆን ወሰነ። ባለይዞታዎች በአቅማቸውና በፕላኑ መሠረት ቦታቸውን ራሳቸው እንዲያለሙ ቅድሚያ ሰጠ። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል ፈቀደ። አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋሙ አደረገ። የቀበሌ ቤት ተከራይም ምትክ የኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል እንዲያገኝ ስሙን ጠራው። ሕግ አውጪው የእድሩንና የጎረቤቱን ዋጋ በጽሑፍ ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ከወጣው ማሻሻያ በኋላ ደግሞ የካሳው ሸክም ወደ ክልልና ከተማ አስተዳደሮች ዞሯል፤ ከፋዩና አፍራሹ አንድ አካል ሲሆን የካሳ ግምቱን ማን በገለልተኝነት ይመረምራል የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደው የኮሪደር ልማት የዚህ ሕግ ትልቁ ፈተና ነው። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ኋላም ካዛንቺስ በጥቂት ወራት ውስጥ መልካቸው ተለወጠ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃውና መብራቱ ያምራል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ብዙ የቀበሌ ቤት ተከራዮችም ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ተሰጥቷቸዋል። ነገር ግን ነዋሪዎች ለጋዜጠኞችና ለመብት ተሟጋቾች ደጋግመው የተናገሩት የማስጠንቀቂያው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር እንደነበር ነው። አዋጁ አንድ ዓመት ይላል። በዓመትና በቀናት መካከል ያለው ርቀት የሰው ኑሮ ነው፤ ልጅ ትምህርት ቤት የሚዛወርበት፣ ደንበኛ አዲሱን አድራሻ የሚያውቅበት፣ እድር የሚበተንበትን ወይም ተሰብስቦ የሚሄድበትን የሚወስንበት ጊዜ ነው። ከተማዋ ዳርቻ ላይ የተወሰደ ሰው በቀን የሚከፍለው የታክሲ ሒሳብ ብቻውን ኪራይ ያህላል።

እስካሁን የተነሱት ቢያንስ ስማቸው በመዝገብ ያለ ሰዎች ናቸው። ከነሱ በታች ደባሉና የጨረቃ ቤት ነዋሪው አሉ። ደባሉ ውል የለውም፤ ተከራዩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ በምትክ ቤት ዝርዝር ውስጥ ስሙ አይገኝም። የጨረቃ ቤት ነዋሪው ደግሞ ከገበሬ ወይም ከደላላ በእጅ ውል ቦታ ገዝቶ ሌሊት ቤት ያቆመ ነው። ለነገሩ አስተዳደሩ ይህንን ክፍል ጭራሽ አልረሳውም። በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. የተነሱት የአየር ካርታዎች መለያ ሆነው፣ በነዚህ ላይ የሚታዩ ሰነድ አልባ ይዞታዎች እንደየሁኔታቸው ሕጋዊ የሚሆኑበት አሠራር ተዘርግቷል። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ያለ ፈቃድ የተያዙ ቦታዎች ሥርዓት የሚይዙበትን የጊዜ ገደብ አስቀምጧል። ከካርታው በኋላ የመጣው ግን ሕገወጥ ከመባል አያመልጥም። በሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ቤቶች በስፋት ሲፈርሱ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሠራሩ ሕግን ያልተከተለ መሆኑን በይፋ አስታውቋል። ሕገወጥ ቤት የሠራ ሰው ራሱ ሕገወጥ አይሆንም፤ ማስጠንቀቂያ፣ የመሰማት ዕድልና በክረምት ሜዳ ላይ ያለመጣል ጥበቃ ለማንም ሰው የሚገቡ ናቸው።

ወደ ሌሎች አገሮች ስንሻገር (የእነሱ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መጀመሪያ የምናገኘው የካርታ ትምህርት ነው። ፔሩያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኤርናንዶ ደ ሶቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ድሃው ሀብት እንዳለው፣ ያጣው ሕጋዊ ወረቀት እንደሆነ ተከራከረ፤ ካርታ ካገኘ ባንክ ያበድረዋል አለ። ፔሩ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የከተማ ካርታ አደለች። ውጤቱ ሲመረመር የተጠበቀው የባንክ ብድር ብዙም አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው። ቤት ለመጠበቅ ይቀመጡ የነበሩ ሰዎች ወጥተው መሥራት ቻሉ። በቦነስ አይረስ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1981 ሰዎች በሰፈሩበት መሬት ላይ የተደረገ የታወቀ ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። ከሰፋሪዎቹ ገሚሶቹ በሕግ ካርታ አገኙ፤ ገሚሶቹ የመሬቱ ባለቤቶች በፍርድ ቤት ስለተከራከሩ ሳያገኙ ቀሩ። ካርታ ያገኙት ቤታቸውን አሻሻሉ፣ ልጆቻቸውን በተሻለ አስተማሩ፤ ብድሩ ግን ትንሽ ነበር። ስለዚህ ከካርታው የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ‘ነገ ማንም አያስወጣኝም’ የሚለው እምነት ነው። ያ እምነት ደግሞ ያለ ሽያጭ ካርታም ሊሰጥ ይችላል። የአገራችን የገጠር መሬት ደብተር ምስክር ነው፤ በአማራ ክልል የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት ያ ደብተር መሬት ሳያሸጥ ለገበሬው ዋስትና ሰጥቷል፤ ለሚስቲቱም ጭምር።

ብራዚል ነገሩን በይዞታ በኩል ያዘችው። እ.ኤ.አ. በ1988 የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 183 እስከ 250 ካሬ ሜትር የከተማ ቦታን ለአምስት ዓመት ያለ ክርክር ይዞ የኖረበት፣ ሌላ ቤት የሌለው ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። ይህ በመንግሥት መሬት ላይ አይሠራም፤ በእኛ አገር ደግሞ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው። ብራዚሎቹ ለዚህም መላ አበጁ። በ2001 በወጣ ድንጋጌ በመንግሥት መሬት ላይ በዚያው ልክ የኖረ ሰው ባለቤት ሳይሆን የመኖሪያ መጠቀሚያ መብት እንዲያገኝ አደረጉ፤ መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ይቀጥላል፣ ነዋሪው ግን አይነቀልም። በዚያው ዓመት የወጣው የከተማ ሕግ የረሲፌ ከተማ ከ1983 ጀምሮ የሞከረችውን ልዩ የማኅበራዊ ጥቅም ቀጠና ለአገሩ ሁሉ አደረሰው። በቀጠናው ውስጥ ያለ የድሃ ሰፈር በፕላን ላይ የመኖሪያ ሰፈር ተብሎ ይሰየማል፤ መሻሻል ይችላል፣ ለሌላ ጥቅም መጥረግ ግን ይከብዳል። እኛ መሪ ፕላን ላይ አረንጓዴ ቦታና መንገድ እናሰፍራለን። ‘እዚህ ያሉት ነዋሪዎች ይቆዩ’ የሚል ቀለም ግን በፕላኖቻችን ላይ የለም።

ከፍርድ ቤት ውሳኔዎች ሁሉ የሚጠቀሰው የሕንዱ የኦልጋ ቴሊስ ጉዳይ ነው። በ1981 የቦምባይ (የዛሬዋ ሙምባይ) አስተዳደር የእግረኛ መንገድ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች መጠለያ ማፍረስ ሲጀምር ጋዜጠኛዋ ኦልጋ ቴሊስ ከነዋሪዎቹ ጋር ሆና ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 በሰጠው ውሳኔ በሕይወት የመኖር መብት መተዳደሪያን ይጨምራል አለ። ሰውየው እዚያ የሚተኛው ሥራው እዚያ ስለሆነ ነው፤ ከቦታው ማንሳት እንጀራውን መንሳት ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር በመላው ዓለም ተጠቀሰ። የውሳኔው መጨረሻ ግን ብዙ አይጠቀስም። ፍርድ ቤቱ ማፍረሱን አልከለከለም፤ ክረምቱ እስኪያልፍ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብቻ አዘገየው። የ1976 ቆጠራ መታወቂያ ላላቸው ምትክ ቦታ እንዲሰጥም አዘዘ። መብቱ በቃል ተነገረ፣ ሰዎቹ ግን ተነሡ።

የደቡብ አፍሪካ መንገድ ለእኔ ከሁሉ የሚያስተምረው ነው። ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 26 ማንም ሰው ፍርድ ቤት ሁኔታውን ሁሉ መርምሮ ሳያዝ ከመኖሪያው አይፈናቀልም፣ ቤቱም አይፈርስም ይላል። ትእዛዙ ቀዳሚ ነው፤ ዶዘሩ ተከታይ። እ.ኤ.አ. በ2000 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በአይሪን ግሩትቡም ጉዳይ መንግሥት የረዥም ጊዜ የቤት ፕሮግራም ቢኖረውም አሁን ሜዳ ላይ ላሉት ምንም ያላሰበ ፕሮግራም ምክንያታዊ አይደለም ብሎ ወሰነ። ግሩትቡም በ2008 ስታርፍ አሁንም በቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ ፍርድ ብቻውን ጡብ አይደረድርም። ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ ግን ሥራ የሠራ ይመስለኛል። ጆሃንስበርግ አደገኛ ብላ የፈረጀቻቸውን ሕንፃዎች ባዶ ልታደርግ ስትነሳ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ከመፍረድ ይልቅ ከተማውና ነዋሪዎቹ ትርጉም ያለው ምክክር አድርገው ውጤቱን እንዲያሳውቁት አዘዘ። ተቀምጠው ሲነጋገሩ ተስማሙ፤ ሕንፃዎቹ ተጠገኑ፣ ነዋሪዎቹ ወደሚገባ ቦታ ተዛወሩ። ውሳኔው በ2008 ሲሰጥ ስምምነቱ አስቀድሞ ተፈርሞ ነበር። እነዚያ ነዋሪዎች ባለቤት አልነበሩም፤ ያስጠበቃቸው መብት የመሰማት መብት ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም ወደዚያው እየሄደች ነው። በናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ አጠገብ የነበረው የሚቱምባ መንደር በኅዳር 2011 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት እያገደ ፈረሰ። ክርክሩ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ወደ ይግባኝ ሰሚው፣ ከዚያም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወጣ። በጥር 2021 የተሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። መሬት የሌላቸው ሰዎች የሕዝብ መሬት ላይ ቤት ሠርተው ሲኖሩ የመሬቱ ባለቤት አይሆኑም፤ ሆኖም ሊጠበቅላቸው የሚገባ የመኖሪያ መብት ያገኛሉ አለ። የመሬቱ ጉዳይና የመኖሪያው ጉዳይ ተለያዩ። መሬት ሁሉ የሕዝብ በሆነበት በእኛ አገር ይህ መለየት ከኬንያ ይልቅ ያስፈልጋል፤ አንቀጽ 44ም መሠረቱን አኑሯል።

ሌላው ሊታይ የሚገባው የጋራ ይዞታ ነው። በፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ በሳን ሁዋን የማርቲን ፔኛ ቦይ ዳር ያሉ የድሃ ሰፈሮች ቦዩ ሲጠረግ የመሬት ዋጋ ንሮ እንደሚያስወጣቸው አስቀድመው ገባቸው። በ2004 በወጣ ልዩ ሕግ ወደ 80 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በነዋሪዎች በሚመራ የጋራ ተቋም ስም ተመዘገበ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለቤቱና ለሚያርፍበት ቦታ የሚወረስ መብት በሰነድ ያገኛል፤ መሬቱ ግን ለማንም አይሸጥም። በ2009 ሕግ አውጪው መሬቱን ሊመልስ ቢሞክር ነዋሪዎቹ ታግለው በ2013 አስመለሱት። ይህ ቅርፅ ‘መሬት አይሸጥም አይለወጥም’ ከሚለው ከእኛ ሕገ መንግሥት ጋር አይጋጭም፤ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሚባለው የቆየ ልምዳችን ጋርም ይገጥማል። የአንድ ሰፈር የቀበሌ ተከራዮች በማኅበር ተደራጅተው ቦታውን ሸንሽነው ሳይሆን በጋራ ይዘው ወደ ላይ እንዲገነቡ ቢፈቀድ፣ አዋጅ ቁጥር 1161 የሚናገረው ቅድሚያ የማልማት መብት ለድሃውም ይደርስ ነበር። ዛሬ ያ መብት የሚጠቅመው ካርታና ገንዘብ ላለው ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ለድሃው የቤት መፍትሔ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ለሴቶች የተለየው 30 በመቶ ኮታም ብዙ ሴቶችን ባለቤት አድርጓል። ይሁን እንጂ በ20/80 ፕሮግራም 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያውን፣ ከዚያም የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ የማይችል ሰው ዕጣ ደርሶትም ቤቱን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ክፍል ይከራያል። ንብረቱ የእሱ ነው፤ ኑሮው ግን ሌላ ቦታ ነው። ለሚከራየው ብዙኃን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ደባሉም የሚመለከተው ሕግ አገኘ ማለት ነው፤ ውሉን ለማስመዝገብ ከደፈረ።

የሴቶች ነገር ለብቻው ሊነሳ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባል ብቻውን የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይሸጥ ይከለክላል። የቀበሌ ቤት ግን ንብረት ስለማይባል ይህ ጥበቃ አይደርሰውም። ውሉ በባል ስም ከሆነ፣ ፍቺ ሲመጣ ወይም ያለ ጋብቻ ወረቀት አብረው የኖሩ ሰዎች ሲለያዩ፣ ምትክ ቤቱ የሚሰጠው ስሙ ለተጻፈው ነው። ለሃያ ዓመት ኪራዩን ከእንጀራ ሽያጭ ስትከፍል የኖረችው ሴት ደረሰኙ እንኳ በእሱ ስም ነው። የኪራይ ውሎቹን በባልና በሚስት ስም ማደስ ወጪው ጥቂት ወረቀትና ማኅተም ነው፤ የሚጠብቀው ግን ብዙ ቤተሰብ ነው።

ታዲያ ድሃው አሁን ባለው ሕግ ምን በእጁ አለ? ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1149 ይዞታው የተነጠቀበት ወይም የታወከበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለስልኝ፣ ሁከት ይወገድልኝ ብሎ እንዲከስ ይፈቅዳል። ጎረቤት አጥር ሲገፋ ወይም ደላላ ሲያስፈራራ ይህ ክስ ፈጣን መከታ ነው፤ ሕጋዊ መነሻ የሌለው ይዞታ ላይ ግን ይደክማል። ስለዚህ ማስረጃ ማሰባሰብ ከሁሉ ይቀድማል። የኪራይ ደረሰኝ፣ የውሃና የመብራት ቢል፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልጆች የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የእድር ደብተር እያንዳንዳቸው ትንሽ ቢመስሉም አንድ ላይ ሲቀርቡ የአንድን ሰው የኑሮ ዘመን ያስረዳሉ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው የዩኒቨርሲቲ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ፤ ጠበቆችም ለአቅመ ደካሞች ነፃ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ ተጥሎባቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ግን እጅግ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ጥቂቶች የሚያውቁት የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። አዋጁ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን ከተማ አስተዳደሮችም ይመለከታል። መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ፣ ካጸደቀውም በኋላ እንዲያስመዘግብና ይፋ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ጉዳዩ የሚነካውን ሰው እንዲሰማ፣ የወሰነበትንም ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዝዛል። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው በፍርድ ቤት እንዲከለስለት መጠየቅ ይችላል። የምትክ ቤት አሰጣጡ፣ የካሳ ግምቱ፣ የደባሉ ዕጣ የሚወሰነው በአብዛኛው በመመሪያ ነው። እንግዲያው የቤቱ ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት የተቀባበት ሰው ወረዳው ሄዶ ሦስት ነገር የመጠየቅ መብት አለው፦ የምነሳው በየትኛው መመሪያ ነው? መመሪያው ተመዝግቦ ታትሟል? ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ጥያቄዎቹን እድሩ በጋራ ደብዳቤ ቢያቀርባቸው፣ ነፃ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ጠበቃ ቢፈርምባቸውና መልሱ እስኪመጣ ማፍረሱ እንዲታገድ ፍርድ ቤት ቢጠየቅ፣ ክርክሩ ቤቱ ቆሞ ሳለ ይጀመራል።